የጎርፍ ካርታ ከመፈረማችሁ በፊት፦ ስለ «ጊዜ እርምጃ» የተጻፈ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ የሚመለከተው የጎርፍ ጥናት የሚያስጠና የከተማ አስተዳደርን፣ ድልድይና የፍሳሽ ቦይ የሚነድፍ መሐንዲስን፣ ወንዝ ዳር ቦታ ለመግዛት ገንዘብ የቋጠረ ሰውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማድረስ ኮምፒውተር ላይ የሚያድር ተማሪንም ጭምር ነው። ጉዳዩ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በሪፖርቱ ሽፋን ላይ አይታይም፣ በስብሰባ አይነሳም፣ ብዙ ጊዜም ሰነዱ ውስጥ ከነጭራሹ አይገኝም። ሆኖም በካርታው ላይ ሰማያዊው ቀለም የማን አጥር ጋ እንደሚቆም ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ዛሬ የጎርፍ ጥናት ያለ ኮምፒውተር ሞዴል አይሠራም ማለት ይቻላል። አጥኚው የወንዙን ሸለቆ በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ይሸነሽነዋል፤ ሴል እንበላቸው። ከላይ የሚመጣውን ፍሰት ይሰጠዋል፣ ሶፍትዌሩም ውሃውን ከሴል ወደ ሴል ያሳልፋል። የሚሠራባቸው እኩልታዎች ፈረንሳዊው ባሬ ደ ሴን-ቬናን እ.ኤ.አ. በ1871 ያወጣቸው ናቸው። እኩልታዎቹ ውሃን እንደ ተፈጥሮው ያለማቋረጥ ሲፈስ ነው የሚገልጹት። ኮምፒውተር ግን ያለማቋረጥ ማስላት አይችልም። አሁን ያለውን ያያል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሃው የት እንደሚደርስ ይገምታል፣ ዓይኑን ይገልጣል፣ እንደገና ይጨፍናል። ዓይኑን በገለጠ ቁጥር መካከል ያለው ጊዜ ነው የጊዜ እርምጃ የሚባለው። አንድ ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ቀንም ሊሆን ይችላል። የሚመርጠው ሰው ነው። መራጩም ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ወንዙ ጠባይ ሳይሆን ስሌቱ ከምሳ በፊት ስለማለቁ ነው።

ዓይን መጨፈን የሚያስከትለውን ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም። በአገራችን ብዙ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች ያላቸው ዳር ላይ የተተከለ፣ በሴንቲሜትር የተሰመረ ሰሌዳ ነው። በአቅራቢያው የሚኖር ሰው ጠዋትና ማታ ወርዶ ያነበዋል፣ በደብተር ይጽፈዋል። ዓባይን ለመሰለ ወንዝ ይህ ይበቃል፤ ዓባይ በአንድ ሌሊት ሞልቶ በዚያው ሌሊት አይጎድልም። የአሸዋ ወንዝ ላይ ግን ጎርፉ ከሌሊቱ 5 ሰዓት መጥቶ 9 ሰዓት ሳይሞላ ያልፋል። አንባቢው ማታ ደረቅ አሸዋ አይቶ ዜሮ ጽፏል፤ ጠዋት እርጥብ አሸዋ አይቶ ዜሮ ይጽፋል። ደብተሩ አልዋሸም። በሁለቱ ንባቦች መካከል ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ የዚህ ዓይነቱ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት የሐረርጌ ተራሮች ተነስቶ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። በዚያች ሌሊት ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ከተማው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ሳምንት አለፍ እንዳለ ደግሞ ኦሞ ወንዝ በታችኛው ሸለቆ፣ በዳሰነች አካባቢ፣ ሞልቶ ከዳርቻው ወጣና ከ360 በላይ ሰው ገደለ።

በዜና ሁለቱም «ጎርፍ» ተባሉ። ለሚያሰላ ሰው ግን የሚገናኙት በስማቸው ብቻ ነው። ኦሞ ረጅም ወንዝ ነው፤ ከብዙ ገባሮች እየሰበሰበ በቀናት ይሞላል። ደቻቱ በሰዓታት ውስጥ ተወልዶ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በ1998ቱ ሞት አንድ ሞዴል ተጠያቂ ነው ማለቴ አይደለም። የምለው ኦሞን ባሰላበት የጊዜ እርምጃ ደቻቱን የሚያሰላ ሰው ደቻቱን አያገኘውም ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ የምሳሌ ነው። የአንድ አሸዋ ወንዝ ጎርፍ ከዜሮ ተነስቶ በሰከንድ 600 ሜትር ኩብ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሦስት ሰዓት ይፈጃል እንበል። አወጣጡና አወራረዱ ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን ያለፈው ውሃ ሁሉ ተደምሮ 3.24 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በቀን እርምጃ የሚያስብ ሞዴል ይህን ውሃ ለ24 ሰዓት ያካፍለዋል፤ በሰከንድ 37.5 ሜትር ኩብ ይወጣል። አንድ ጠብታ አልጎደለም። ጎርፉ ግን የለም። ለ37.5 የተሠራ ቱቦ ላይ 600 ሲመጣ የሚሆነውን ለመገመት ምህንድስና መማር አያሻም።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን እጅግ የተወደደው ስዋት የተባለው ሞዴል በተለመደው አጠቃቀሙ በቀን እርምጃ ነው የሚሄደው። ለዓመት የውሃ ሀብት፣ ለአፈር መሸርሸር፣ ለግድብ ደለል ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የጣና ተፋሰስ ተማሪዎች ያለሱ የሚመረቁም አይመስለኝም። ነገር ግን በእሱ የቀን ውጤት የከተማ ወንዝ ጎርፍ ጫፍ፣ ማለትም ከፍተኛው ፍሰት፣ ተሰላ የሚል ሪፖርት ከመጣላችሁ መልሱት። ጥፋቱ የሞዴሉ አይደለም፤ ያልተሠራለትን የጠየቀው ሰው ነው።

የዝናቡም ነገር እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም የባሰ። ተራ የዝናብ መለኪያ የሚነበበው በቀን አንዴ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚያወርዱት ቺርፕስ የተባለው ከሳተላይትና ከጣቢያ የተቀናበረ የዝናብ መረጃም አብዛኛውን ጊዜ በቀን ነው የሚቆጠረው። አጥኚው ሞዴሉ በሰዓት እንዲሄድለት ሲፈልግ 60 ሚሊ ሜትር የቀን ዝናብን ለ24 እኩል ያካፍለዋል፤ በሰዓት 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ደረቅ መሬት ጠጥቶ ዝም ይላል፤ አንዲት ሴት ልብስ ከገመድ ለማንሳት እንኳ አትቸኩልለትም። እውነተኛው ዝናብ ግን 60ውንም በአንድ ሰዓት ተኩል ጥሎት ሄዷል። እዚህ ላይ የስሌቱን እርምጃ ወደ ሰከንድ ማውረድ ምንም አያድንም፤ ቀድሞ የተቀጠቀጠ ዝናብ ነው የገባለት። ናሳ የሚያወጣው አይመርግ የተባለው የሳተላይት መረጃ በግማሽ ሰዓት የተከፈለ ነው፤ የራሱ ስህተት ቢኖረውም ቢያንስ ዝናቡ በየትኛው ሰዓት እንደበረታ ይናገራል። የቀድሞው የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን ያወጣው የፍሳሽ ዲዛይን ማኑዋልም ዝናብ በደቂቃዎች ሲቆጠር ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያሳዩ ኩርባዎች አሉት። የቀን ዝናብን ለ24 እኩል ለማካፈል ሰበብ የለም።

አሁን ወደ ስሌቱ ሆድ ዕቃ ልግባ። ለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን ሮቶ ልዋስ።

ሮቶው 1,000 ሊትር ይዟል። ከታች ቧንቧው ክፍት ነው፤ የሚወጣው ውሃ በውስጡ ባለው መጠን ልክ ነው። ሙሉ ሲሆን በቀን 500 ሊትር በሚያህል ፍጥነት ይወጣል፣ ሲጎድል ፍጥነቱም አብሮ ይቀንሳል። ከአንድ ቀን በኋላ ስንት ይቀራል? በአንድ ቀን እርምጃ የሚያሰላ ሰው ጠዋት ያየውን ፍጥነት እስከ ነገ ጠዋት ይዞት ይሄዳል፤ 500 ቀረ ይላል። ቀኑን ለሁለት ከፍሎ እኩለ ቀን ላይ አንዴ ዓይኑን የገለጠ 563 ያገኛል። በየሰዓቱ ያየ 603። ትክክለኛው መልስ 607 ነው። ቧንቧው ያው፣ ውሃው ያው፣ ሮቶው ያው፤ የተለወጠው ዓይን የሚገለጥበት ጊዜ ብቻ ነው።

ሰፋ ያለ ቧንቧ እንግጠምለት፤ ሮቶው ሲሞላ በቀን 1,500 ሊትር የሚያፈስ። ትክክለኛው መልስ ከአንድ ቀን በኋላ 223 ሊትር ገደማ ነው። በቀን እርምጃ ያሰላው ሰው ግን ከ1,000 ላይ 1,500 ይቀንሳል። ሮቶው ባዶ መሆኑ ሳያንስ 500 ሊትር ዕዳ ገባበት! ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ በእውነተኛ የወንዝ ሞዴል ውስጥ በየጊዜው የሚታይ ነው፤ ጥልቀቱ ከዜሮ በታች የሆነ ወንዝ፣ ሽቅብ የሚፈስ ውሃ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚዘል ግራፍ። ሞዴሉ «ፈነዳ» ይባላል። መፈንዳቱ ግን ደግ ነው፤ ቢያንስ ጮሆ ተናግሯል።

ለምን እንደሚፈነዳ ሦስት የሒሳብ ሰዎች፣ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌቪ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ጽፈውታል። ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ገና አልነበረም። ሐሳባቸው በወሬ ሊመሰል ይችላል። ቀላሉ የስሌት ዘዴ ውስጥ እያንዳንዱ ሴል በአንድ እርምጃ ወሬ የሚሰማው ከጎረቤቱ ብቻ ነው። የጎርፉ ሞገድ በዚያው ጊዜ ውስጥ አሥር ሴል ዘልሎ ካለፈ፣ አሥረኛው ሴል ጎርፍ ላዩ ላይ ሆኖ ሳለ ገና ወሬው አልደረሰውም። ስለዚህ እርምጃው ሞገዱ ከአንድ ሴል በላይ እንዳይዘል ማጠር አለበት። ሞገዱ በአንድ እርምጃ ስንት ሴል እንደሚያልፍ የሚገልጸው ቁጥር የኩራንት ቁጥር ይባላል።

በደቻቱ ዓይነት ወንዝ ላይ ይህ ምን ማለት ነው? ጥልቀቱ 2 ሜትር፣ የውሃው ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜትር ነው እንበል። በ2 ሜትር ውሃ ላይ ሞገድ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከውሃው ፍጥነት ጋር ሲደመር 7.4። ሴላችሁ 20 ሜትር ከሆነ እርምጃችሁ ከ2.7 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። በአንድ ደቂቃ እርምጃ ሞገዱ 22 ሴል ይዘላል። በአንድ ሰዓት እርምጃ ደግሞ ከ26 ኪሎ ሜትር በላይ፤ ከተማውን አልፎ ሜዳ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም ነው። አጥኚው ካርታው እንዲያምር ሴሉን ከ20 ሜትር ወደ 5 ሜትር ያወርደዋል። ጥሩ አደረገ። ግን የጊዜ እርምጃውን እንደነበረ ይተወዋል። ሴሉ በአራት ሲያንስ እርምጃውም ቢያንስ በአራት ማነስ ነበረበት፤ አንዳንድ የቀለሉ የስሌት ዘዴዎች ላይ ደግሞ በአሥራ ስድስት። ካርታው ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ደብዝዟል። አለቃውም የሚያየው ካርታውን ነው።

ከመፈንዳት የሚያድኑ ዘዴዎች አሉ። ፕሬይስማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ያመጣው ዘዴ ሁሉንም ሴሎች በአንድ ላይ አስሮ ይፈታቸዋል፤ ስለዚህ በትልቅ እርምጃም በቀላሉ አይፈነዳም። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ጓድ በነጻ የሚያድለው ሄክ-ራስ የተባለው ሶፍትዌር ባለአንድ አቅጣጫ ስሌቱ ላይ ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል። ድንቅ ፈጠራ ነው። ማሳሰቢያዬ ግን በተለይ በዚህ ላይ ነው። የማይፈነዳ ማለት የማይሳሳት ማለት አይደለም። በረጅም እርምጃ ሲሄድ የጎርፉን ጫፍ በቀስታ ይጫነዋል፣ ይዘረጋዋል፣ ያለዝበዋል። ግራፉ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ይወጣል። የስህተት መልእክት የለም፣ ቀይ ምልክት የለም፣ ስሌቱም በሦስት ደቂቃ ያልቃል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

እኔም ወስዶኛል። ከዓመታት በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚያልፍ ወንዝ አጥንቼ ውጤቴን ለማሳየት ቆሜ ነበር። ዘመኑን በውሃ ሥራ የፈጀ አንድ ጋሼ ከኋላ ተቀምጦ ሲሰማ ቆየና፣

«ልጄ፣ ይችን ጊዜህን ግማሽ አድርገህ ሞክረሃታል?» አለኝ።

«አይ ጋሼ፣ ስሌቱ ምንም ችግር አላሳየም።»

«እሱማ አያሳይም።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ወደ ቤቴ ሄጄ አምስት ደቂቃ የነበረውን ወደ አሥር ሰከንድ አወረድኩት። ስሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ሄደ። ጠዋት ስነሳ ውሃው «ደረቅ ነው» ብዬ በቀባሁት መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። ሪፖርቱ ገና ስላልታተመ አስተካከልኩት። ታትሞ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የምወደው መልስ አላገኘሁም።

ስህተቱ እንዲህ ባለ መንገድ ካልተያዘ የሚሸሸግበት ሌላ ጉድጓድ አለው። ሞዴል ከመጠቀም በፊት ከቀድሞ ጎርፍ ጋር ይስተካከላል፤ የተለካው ጫፍ እስኪገጥም ድረስ ሸካራነት የሚባለው የማኒንግ ቁጥር፣ የአፈሩ የመጠጣት አቅም፣ ሌላም ሌላም ይነካካል። የጊዜ እርምጃው ጫፉን ከጫነው፣ አጥኚው ሳያውቅ ወንዙን ከእውነቱ ይልቅ ለስላሳ አድርጎ ጫፉን መልሶ ያነሳዋል። ሁለት ስህተት ተቃቅፈው ትክክል ይመስላሉ። ግራፉ ከልኬቱ ጋር ግጥም ይላል፣ ፈታኞች ያጨበጭባሉ። በሚቀጥለው ክረምት የተለየ ጎርፍ ሲመጣ መተቃቀፉ ይላቀቃል። ማርቲን ክላርክና ዲሚትሪ ካቬትስኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ አሳይተዋል፤ በዝናብ-ፍሰት ሞዴሎች ውስጥ በግድየለሽነት የተመረጠ የጊዜ አረማመድ የሚያመጣው ስህተት አንዳንዴ ከሞዴሉ የራሱ ጉድለት ሊበልጥ እንደሚችል ጽፈዋል። የጥናታቸው ርዕስ እንዲህ ያሉትን ስህተቶች «ጥንታዊ አጋንንት» ይላቸዋል። እኔም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁላቸውም፤ በጸበልም አይለቁም፣ የሚለቁት እርምጃውን ሲያሳጥሩት ነው።

ሞዴል ሲጮህ ዝም የማሰኘት ልማድም አለ፣ እሱን እፈራዋለሁ። ግራፉ እንደ መጋዝ ሲዘል ትክክለኛው ነገር እርምጃውን ማሳጠርና የወንዙን ቅርጽ መመርመር ነው። የቸኮለ ሰው ግን ሸካራነቱን ያለምክንያት ከፍ ያደርጋል፣ ወይም በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን የማለዘቢያ ቁልፍ እስከ መጨረሻ ይጠመዝዛል። ጩኸቱ ይቆማል። ሕመምተኛው ስላቃሰተ አፉን እንደ መያዝ ነው።

ደግሞ ሦስት የተለያዩ ጊዜዎች እንዳሉ ልብ በሉ። ስሌቱ የሚሄድበት አለ፣ ግራፉ የሚጻፍበት አለ፣ ካርታው የሚነሳበት አለ። ስሌቱን በአምስት ሰከንድ አስኪዶ ውጤቱን በየሰዓቱ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው አጋጥሞኛል። የድካሙ ዋጋ ጠፋ፤ ጫፉ በ7 ሰዓት ከ25 ላይ ወጥቶ ወርዷል፣ ሠንጠረዡ ግን 7 ሰዓትንና 8 ሰዓትን ብቻ ያውቃል። ያው የሰሌዳ አንባቢው ታሪክ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ተደገመ።

ታዲያ እርምጃውን እስከ ጥግ ማሳጠር ነው? አይደለም። በግማሽ ሰከንድ የሚሄድ ስሌት የአንድን ክረምት ጎርፍ ለማሳየት ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ የማስጠንቀቂያ ሥራ ላይ ደግሞ ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ትንበያ ለማንም አይጠቅም። እንደ ሄክ-ራስ መመሪያ ከሆነ እርምጃው ከልክ በላይ ሲያጥርም የጎርፉ ግንባር ያለልክ ቀጥ ብሎ ሊናወጥ ይችላል። አንዳንድ ቀላል ዘዴዎች ላይም በጣም አጭር እርምጃ የራሱን ድብዘዛ ያመጣል። ስለዚህ የሚፈለገው ከወንዙ ጋር የሚመጣጠን ቁጥር ነው።

መነሻ የሚሆን ልማድ አለ። ጎርፉ ከመነሳቱ ጫፍ እስከሚደርስ የሚወስደውን ጊዜ ለ20 ማካፈል፤ እርምጃው ከዚያ አይብለጥ። በሦስት ቀን የሚሞላ ትልቅ ወንዝ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈቅዳል። በአንድ ሰዓት ጫፍ የሚደርስ ወንዝ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈቅደው። ይህ ጎርፉ እንዳያመልጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የኩራንት ቁጥር አለ። የሄክ-ራስ መመሪያ ባለሁለት አቅጣጫ ስሌት ላይ ሙሉው እኩልታ ሲሠራ ቁጥሩ 1 አካባቢ እንዲሆን፣ ቢበዛ ከ3 እንዳያልፍ ይመክራል፤ ለቀለለው እኩልታ 2፣ ቢበዛ 5። ግድብ ሲሰበር የሚወጣ ውሃ ከሆነ በሰከንዶች መቁጠር ነው። አዳዲሶቹ እትሞች ደግሞ ጎርፉ ሲፈጥን እርምጃውን ራሳቸው የሚያሳጥሩበት መንገድ አላቸው። ሳይከፍቱት የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከሁሉም ግን የጋሼው ጥያቄ ይበልጣል። እርምጃውን ግማሽ አድርጎ እንደገና ማስኬድ። የጎርፉ ጫፍ፣ የመድረሻው ሰዓትና የውሃው ከፍታ ምንም ካልተንቀሳቀሱ ቁጥሩ በቂ ነበር። ከተንቀሳቀሱ እንደገና ግማሽ፣ ጸጥ እስኪል። ሮቶው ላይ ያየነው እኮ ይኸው ነው፦ ከ500 ወደ 563 መዝለሉ ራሱ «ገና ነህ» የሚል ምልክት ነበር። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ በጀት፣ የውጭ ባለሙያ አያስፈልግም። አንድ ተጨማሪ ሌሊት ያስፈልጋል።

እናንተ የምታስጠኑ ሰዎች የሒሳቡን ዝርዝር ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ሥጋ የሚገዛ ሰው የእንስሳት ሐኪም አይደለም፤ ማኅተሙን ግን ያያል። እንደዚሁ ሪፖርቱን ስትቀበሉ የስሌቱ የጊዜ እርምጃ ስንት እንደነበር፣ የሴሉ ስፋት ስንት እንደሆነ፣ ዝናቡ በምን ያህል ጊዜ ተከፍሎ እንደገባ፣ እርምጃው ግማሽ ሲሆን ውጤቱ ምን ያህል እንደተለወጠ በጽሑፍ እንዲገለጽ ጠይቁ። የገባውና የወጣው ውሃ ሲወራረድ ስንት እንደጎደለም ይጨመርበት፤ ሶፍትዌሩ በመጨረሻ ራሱ የሚያትመው ቁጥር ነው፣ መደበቂያ የለውም። በውል ሰነዱ ላይ አስቀድማችሁ ብታስገቡት ደግሞ በኋላ ክርክር አይኖርም። «ሶፍትዌሩ በራሱ የመረጠው ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ። ሶፍትዌር ደቻቱን አያውቀውም።

ቤት ለመሥራት ወንዝ ዳር ቦታ የምታዩ ደግሞ ከካርታው ጎን የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ውሃው በ1998 የትኛው ግድግዳ ላይ እንደደረሰ በጣታቸው የሚያሳዩ ሰዎች በድሬዳዋ ዛሬም አሉ። የእነሱ ምልክት ከሰማያዊው ቀለም ውጭ ከወደቀ፣ ሽማግሌውን ሳይሆን ካርታውን ተጠራጠሩ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ለእናንተ ልመና ነው ያለኝ። በጽሑፋችሁ ውስጥ ስለ አፈር ዓይነት አሥር ገጽ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ተዳፋት አሥር ገጽ፤ ስለ ጊዜ እርምጃ አንዲት መስመር የላችሁም። አንዲት መስመር ጨምሩ፤ ከሥሯም ሁለት ረድፍ ያለው ትንሽ ሠንጠረዥ፣ በሙሉ እርምጃና በግማሽ እርምጃ የተገኘውን ጫፍ የሚያሳይ። አማካሪያችሁ ካልጠየቃችሁም ጨምሩት።

ክረምቱ ሰኔ ላይ ይገባል። የከተማችሁ የጎርፍ ጥናት መደርደሪያ ላይ ካለ አሁኑኑ አውርዳችሁ የስሌት ዘዴውን የሚያወሳውን ምዕራፍ ክፈቱ፣ የጊዜ እርምጃውን ፈልጉ። ካላገኛችሁት ላዘጋጀው ሰው ደውላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ጥናቱን መልሱለት።